በተዘጋው ባሕር ውስጥ ስለቀረው መልህቅዎ

ለተከበሩ ፓክ ዊርያዋን፣ የደሴቶቹ የባሕር ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ የየንሶራም መንደር ሰዎች፣ ባሕራችንም ጭምር፣ መርከብዎ ከሄደች ወዲህ እያገገምን ነው። «መልህቁ በአስቸኳይ ይመለስ» ሲሉ የጻፉልን ደብዳቤ እሑድ ዕለት በቤተ ክርስቲያን ከስብከቱ ቀጥሎ ተነቧል፤ በስብከቱ ያንቀላፋውን ሕዝብ የቀሰቀሰልን እሱ ነው። መልሱን ከመስጠታችን በፊት ግን ያለብንን ምስጋና እናድርስ።

1ኛ፦ ክቡርነትዎ አያውቁም ማለት ነውር ቢሆንም፣ ከመንደራችን ፊት ያለውን የኮራል አለት በጸሎት ዘግተን፣ የኮኮናት ቅጠል ያሰርንበት እንጨት ተክለንበታል። ሳሲ የምንለው ይህ ነው፤ እስኪከፈት ድረስ ማንም ምንም አያወጣበትም። ሲከፈት የሚገኘው ሎብስተር ተሽጦ ነፋስ የወሰደውን የቤተ ክርስቲያናችንን ጣሪያ ይመልስልናል። እስከዚያው መዘምራኑ ጃንጥላ ይዘው ይዘምራሉ።

2ኛ፦ እያደሩባት ወደ ባሕር ጠልቀው በሚዋኙባት መርከብ የመጡ ቱሪስቶች ኮራሉ ተሰባብሮ አይተው፣ አዝነው ጻፉልዎ። እርስዎም «ማን ሰበረው?» እያሉ ሳይደክሙ፣ ከመራመዳችን በፊት ዋና የምንለምደውን እኛን ስለ ባሕር ሊያሠለጥኑን ወሰኑ። እግዜር ይስጥልን።

3ኛ፦ የሥልጠናው ርእስ «መልህቅ በኮራል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት» ነበር። አሠልጣኞቹ ከእርስዎ ጋር በዚያችው መርከብ መጡ፤ መርከቧም መልህቋን ኮራላችን ላይ ጣለች። እንዲህ በተግባር የተደገፈ ትምህርት አይተን አናውቅም።

4ኛ፦ መርከቦች መልህቅ ሳይጥሉ እንዲታሰሩበት ሪባን ቆርጠው የመረቁልን ተንሳፋፊ፣ ዛሬም በቢሮዎ በር ላይ አበባ ተተክሎበት ደኅና መሆኑን ሰምተናል። ውጤቱም ግሩም ነው፤ እስካሁን በቢሮዎ በር ላይ አንድም መርከብ ኮራል አልሰበረም።

አሁን ወደ መልህቁ። ተሰንቅሮ አልወጣ ሲል፣ ካፒቴኑም ሰው ሊያወርድ ሲል፣ የሳሲው ጠባቂ ማማ ኦክቶቪና በታንኳ ደረሱ።

«ልጄ፣ ምን ልታወጣ ነው?»

«መልህቄን ነዋ፣ ማማ።»

«ከዚህ ባሕር ዓሣ አይወጣ፣ ቀንድ አውጣ አይወጣ። ብረት ይወጣል ያለህ ማነው?»

«የኔ እኮ ነው!»

«ሳይገባ ያንተ ነበር።»

እርስዎ ከላይ ሆነው «ዝለሉ እንጂ!» ሲሉ፣ ሳሲ የደፈረ ሰው ሆዱ እንደሚነፋ የሚያውቁት መርከበኞች ተያዩ። አንዱም «ፓክ፣ እርስዎ ይቅደሙ፤ ሆድዎ ካልተነፋ እከተላለሁ» አለ። ክቡርነትዎ ለመቅደም ስላልፈቀዱ የመልህቁ ገመድ ተቆረጠ።

ስለዚህ፣ በታላቅ አክብሮት፣ መልህቁ ሳሲው እስኪከፈት ድረስ ካለበት ንቅንቅ አይልም። የመክፈቻው ዕለት ይምጡ፤ ከሁሉ በፊት የእርስዎን እናወጣለን። አደራዎን፣ በታንኳ ይምጡ፤ ሌላ መልህቅ ከወደቀብን ለጣሪያ የሚሆን ቀርቶ ለወጥ የሚሆን አይተርፈንም።

ሰማይ ከሚታይበት ጣሪያ ሥር፣ በአንድ እጄ ጃንጥላ፣ በሌላው ብዕር ይዤ፣ እጅ የምነሳዎት

ኤልያኪም ቡርዳም
የየንሶራም መዘምራን መሪ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ አንዲት ኦክቶፐስ ከመልህቅዎ ሥር ገብታ እንቁላሏን ጥላለች። ጽሕፈት ቤትዎ በባሕራችን ከጀመራቸው ሥራዎች ሁሉ ለአገልግሎት የበቃው ይህ ብቻ ስለሆነ፣ ለምረቃው በትሕትና ጠርተንዎታል። መቀስ አያምጡ፤ የሚቆረጠውን አስቀድመው ቆርጠውታል።