ፀዲ የወሰደችው እንቁላል

ለውድ እህቴ ዙቤዳ፣ ሰላምታዬ ካለሽበት አዳማ ይድረስሽ። አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬም በርትታለች፤ ሕፃኑ ደህና ይጠባል።

ፀዲ የምትባል የኬሚካል መርማሪ መጥታ ከቤታችን ጀርባ ካለው የድሮ ፀረ ተባይ መጋዘን አፈር ወሰደች። ዶሮዎቻችን እዚያ ሲጭሩ አይታ እንቁላልም ጨመረች። አባዬ ሳቀባት።

«መጋዘኑ ከተዘጋ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ዝናቡ አጥቦታል!»

«ጋሽ ከዲሮ፣ ዝናብን አላምንም» አለችው እየሳቀች። «ፀረ ተባዩ ሳይጠፋ ይቆያል? ስብ ውስጥ ተጠራቅሞ በእናት ወተት ያልፋል? ይመርዛል? ሦስቱን ሳልመረምር አልናገርም።»

እንዴት ጎበዝ መሰለችሽ! እንደሷ መሆን አማረኝ። ምን እንደተማረች ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፤ ግን አፈርኩ። ውጤቱ ከወር በኋላ ነው።

እማዬ ከወለደች ጀምሮ በየቀኑ ከዶሮዎቻችን ሁለት እንቁላል እቀቅልላት ነበር። አሁን ከገበያ ነው የምገዛላት፤ አልነገርኳትም። ውጤቱ እስኪታወቅ በሚኒባስ የሕፃን ዱቄት ወተት ላኪልኝ፣ በእኔ ስም ይሁን።

ሕፃኑን ስሜልሻለሁ። በሰላም ያገናኘን።

ታናሽሽ ሙቢና፣ ከአሰላ