ሁለት ዙር የያዘ ቀለበት

ሰኞ፣ ሐምሌ 12

ቀለበቱ ሁለት ዙር ገብቶ ተያዘ። ሦስተኛው ላይ አልሄደም። ድሪባ በጉልበት ሊያዞረው ሲል እጁን ያዝኩት። ካሜራው የእኔ ነው።

ሳይምታታብኝ ከመነሻው ላስፍረው። በሶር ወንዝ በኩል እትዬ ጫልቱ የሚባሉ ባለ ቡና አሉ። ዘንድሮ የቡናቸው ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ እየጠቆረ ይረግፋል። የእርሻ ባለሙያው ሰለሞን በማይክሮስኮፕ አየው፤ ክፉው በሽታ ይሁን ተራው ግን እርግጠኛ አይደለም። ክፉው ከሆነ ዛፎቹ ተቆርጠው ይቃጠላሉ። የእሳቸው ማሳ ከጎረቤቶቹ ሁሉ በላይ ስላለ፣ በሽታው በዝናብ ውሃ ወደ ታች እንዳይወርድ ቆረጣው የሚጀመረው ከእሳቸው ነው።

በሽታውን የሚያውቁት ሰዎች ጅማ ናቸው። ፍሬ ላክንላቸው፤ መንገድ ላይ ሻግቶ ደረሰ። ያዩት የመንገዱን ሻጋታ ነው። ማይክሮስኮፑን እንዳንልክ ያለው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ በማይክሮስኮፑ የሚታየውን ፎቶግራፍ አንስተን እንላክ አልኩ። ለጋዜጣው ስንት ምረቃና ስንት ድልድይ ያነሳሁበት ካሜራ ለዚህም አያንስም ብዬ ነበር።

የካሜራው ሌንስ ወልቆ በቦታው የነሐስ ቀለበት ይገባል። አንዱ ጫፍ በጥርስ ካሜራው አፍ ላይ ይጠመዘዛል፤ ሌላው ማይክሮስኮፑ ቱቦ ላይ ይጠልቃል። የወፍጮ ቤቱ ባለ ቶርኖ፣ ብረት ቀራጩ ድሪባ፣ የቱቦውን በኩል በአንድ ጠዋት ጨረሰው። ያስቸገረን ጥርሱ ነው።

ማክሰኞ

ምክንያቱ ተገኘ። ድሪባ የካሜራውን አፍ ጥርስ የቀዳው በሰም ነበር። አገሩ የማር አገር ነው፤ ለቅርጽ መቅጃ ሁሉም ሰም ያነሳል። ሰሙን ከወፍጮው ብሎን ጋር አስተያይቶ፣ "ገጠመ" ብሎ ቆረጠ። እኔም አብሬው አይቼ ገጥሟል ብያለሁ።

ግን የወፍጮው ብሎን ሁሉ በኢንች ነው። ካሜራው በሚሊሜትር ነው። ልዩነታቸው ከፀጉር ይቀጥናል፤ በአንድ በሁለት ጥርስ ላይ አይታይም። ሲጠራቀም ነው የሚያንቀው።

"የሚሊሜትር ማርሽ የለህም?" አልኩት።

"ጋሼ፣ ይህ ቶርኖ ሚሊሜትር የሚባል ነገር መኖሩን አልሰማም።"

ማታ ከካሜራው አፍ የቀረውን ሰም በጥጥ ስጠርግ አመሸሁ። ውስጥ ገብቶ ከሆነስ? ብርሃን እስከሚያስገባው መዝጊያ አልደረሰም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ረቡዕ

ወፍጮ ቤቱ በበቆሎ ተጨናንቋል። ቶርኖውና ወፍጮው የሚዞሩት በአንድ ሞተር ነው፤ የሞተሩ ቀበቶ ከአንዱ ሲወልቅ ነው ለሌላው የሚገባው። ሴቶቹ ተሰልፈው እያሉ ወፍጮ አቁም ማለት አልደፈርኩም።

እትዬ ጫልቱ ትኩስ ፍሬ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው መጡ። ዝናብ ደብድቧቸዋል።

"አለቀ?"

"አላለቀም፣ እትዬ" አለ ድሪባ። "ሁለት ዙር ይገባና ይቆማል።"

"ሁለቱ ይይዛል?"

"ይይዛል።"

"ታዲያ የማይገባውን ለምን ተሸከማችሁት?"

"እትዬ፣ ይህ የቀፎ መክደኛ አይደለም እኮ።"

"አዎ፣ ቀፎ ቢሆንማ እስካሁን ማር በልተንበት ነበር።"

የተሰለፉት ሴቶች ሳቁ። ድሪባም ሳቀ፤ ከዚያ ቀለበቱን አገላብጦ አየ። የቀረውን ጥርስ ልጎ ቢያጠፋው የቀለበቱ ትከሻ ከካሜራው ፊት ላይ ያርፋል። ሁለቱ ጥርስ ይይዛል፣ ትከሻው እንዳይወዛወዝ ይደግፋል። "ካሜራውን ከሥር በመጽሐፍ ደግፉት እንጂ አይወድቅም" አለኝ። እውነት ለመናገር፣ ለካሜራዬ ፈራሁ። ሆኖም ሌላ የተሻለ ሐሳብ አልነበረኝም።

ሐሙስ

ወረፋው ቀደም ብሎ አለቀ፤ ድሪባ ቀበቶውን ወደ ቶርኖው አዛወረ። ጥርሱን ላገው። ቀለበቱ ገባ፣ ትከሻው አረፈ፣ ቆመ። በእጄ ነቀነቅሁት። አልተንቀሳቀሰም።

ቀለበቱን በውስጥ በኩል በጥላሸት አጠቆርነው፤ ነሐስ ያብረቀርቃል፣ ብርሃን ያበላሻል።

አርብ

ፀሐይ የለም። የሰለሞን ማይክሮስኮፕ መብራት የለውም፤ ከታች ባለው መስታወት የሰማይ ብርሃን እየሰበሰበ ነው የሚያሳየው። የሐምሌ ሰማይ ምን ይሰበሰብበታል? ከሰለሞንና ከእትዬ ጫልቱ ጋር ሦስታችን በቢሮው መስኮት ሥር ተቀምጠን ጠበቅን። እትዬ ጫልቱ ከሶር ድረስ በእግር መጥተው ገጀራቸውን ከበሩ ጀርባ አቁመዋል።

ሰለሞን ቀስ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ፎቶው ጠርዙ ላይ ትንሽ ደብዘዝ ቢል... የጅማ ሰዎችም ለመፍረድ አይቸኩሉም ነበር" አለኝ። ለእሳቸው አዝኖ ነው። እትዬ ጫልቱ ሰሙት።

"የለም" አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ጋዜጠኛ፣ አታሳምረው፣ አታክፋውም። እንዳለ አንሳው። የእኔን ካተረፋችሁ በኋላ የጎረቤቶቼ ቢጠቁር በየት በኩል ወደ ገበያ ልሄድ ነው?"

ሰለሞን አንገቱን ደፋ።

ከሰዓት በኋላ ደመናው ተከፈተ። በካሜራው መመልከቻ ያየሁት ረዘም ረዘም ያለ፣ ጥርት ያለ፣ እንደ ተበተነ የጤፍ ፍሬ ያለ ነገር ነው። ብርሃን መለኪያ ስለሌለኝ መዝጊያውን አንዴ ላጭር ጊዜ፣ አንዴ ረዘም አድርጌ እየከፈትኩ ፊልሙን ጨረስኩ። ቀለበቱ አልላላም። ይህን ለድሪባ ስነግረው፣ "እኔ ማታ ሲወድቅ ነው ያየሁት፣ በሕልሜ" አለኝ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 17

ፊልሙ ጎሬ ደርሶ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ ጅማ ሄዷል። ጠዋት ጭጋግ ነበርና አይነሳም ብለን ነበር፤ ተነሳ።

ሰው ሁሉ ምን እንዳየሁ ይጠይቀኛል። የተበተነ ጤፍ አልኩ እንጂ ሌላ አልጨመርኩም። ክፉው ይህን ይመስል እንደሆነ አላውቅም። ፎቶግራፉ መውጣቱንም አላውቅም፤ ሰሙ መዝጊያው ላይ ደርሶ ይዞት ከሆነ ጅማ የሚታየው ጥቁር ብቻ ነው። ለጋዜጣውም ገና አልጻፍኩም።

እትዬ ጫልቱ ገጀራቸውን ሰለሞን ቢሮ ትተው ሄደዋል። "ይዤው ቤት ከገባሁ እጄ አያርፍም። ወይ ዛፎቼን ለመቁረጥ እሱን ልወስድ፣ ወይ ፍሬ መልቀሚያ ቅርጫት ልገዛ እመጣለሁ" ብለዋል።

ጅማ ማክሰኞ ከቀትር በፊት ስልክ ይደውላል ተብሏል።