ጥበቃው ከበራ ወዲህ

ውድ ወንድሜ፣

ስልክ ስለማታነሳ ነው የምጽፍልህ። ተቆጥቼብህ ነበር፤ አሁን ቁጣውም አልቆብኛል።

አባባ በዓይኑ ፊደል እየመረጠ የሚናገርበትን ኮምፒውተር አንድ የሆስፒታል ባለሙያ መጥቶ ፈተሸው። ነርሶቹ የመተንፈሻ መሣሪያውን ከሩቅ የሚከታተሉት በዚያው ኮምፒውተር በኩል ስለሆነ፣ ፍተሻውን ካላለፈ ከመስመራችን እንቆርጠዋለን ብለውናል። ሰውዬው አንድ ትእዛዝ ጻፈና የወጣውን እያነበበ ራሱን ነቀነቀ። ለጥቃት ተጋላጭ፣ ተጋላጭ፣ አሁንም ተጋላጭ ይላል።

"ቫይረስ ነው?" አልኩት።

"አይደለም፣ እህቴ። ሰርጎ ገብ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ ራሱ ላይ ነው፤ ከፋብሪካ አብሮት የወጣ። አይደፈንም። ጥበቃ ግን ነበረው፤ እዚህ ማሽን ላይ ሰው ሆን ብሎ አጥፍቶታል።"

ሰው ያለው አንተን ነው፤ ማሽኑን ያሰናዳህለት አንተ ነህ። ለምን እንዳጠፋኸው የገባኝ እሱ ሲያበራው ነው። ማሽኑ ተንቀራፈፈ። አባባ አንድ ፊደል ላይ ዓይኑን ተክሎ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ እንባው ይመጣል፤ ፊደሉ አይመጣም። ለካ ድምፁ እንዲፈጥንለት ብለህ ነው! አንጀቴን በላኸው። ሌላ ኮምፒውተር ላይም ሞከርን፣ የሠራህለት ፕሮግራም አልነሳም አለ። ምን እንደሚያስነሳው የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ።

"አባባ፣ ጥበቃው ይብራ ወይስ ይጥፋ?" ብዬ ጠየቅኩት። ከጠፋ ነርሶቹ አያዩትም፤ እኔ ነኝ አጠገቡ ተቀምጬ ትንፋሹን የምጠብቀው። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ፊደል ሲለቅም ቆየና ስክሪኑ ላይ ወጣ። "ይብራ። አንቺም ተኚ።"

ከዚያ ወዲህ ቃል መቆጠብ ጀመረ። መጀመሪያ ቀልዱን ተወ። እኔን "ወሬኛዋ" ማለቱን ተወ፤ ስንት ዓመት ያናደደኝ ስም፣ አሁን በምን ዕድሌ። "እባክሽ" ማለትንም ተወ። ሲያመው እንኳ አይነግረኝም፣ ፊቱን አይቼ ነው ትራሱን የማስተካክለው።

የቀረችው አንዲት ቃል ነበረች። ጠዋት ጠዋት "መጣ?" ይላል። ስምህን አይጨምርም፤ ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። "አልመጣም፣ አባባ" እለዋለሁ።

ና አልልህም። እንዲህ ሆኖ ላየው አልችልም ብለህ እንደሄድክ አልረሳሁም፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። እንድታውቀው ብዬ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ስክሪኑን አበራሁለት፣ ወደ ፊደሎቹ ዞር ብሎም አላየ። በሩን ነው የሚያየው።

ደህና ሁንልኝ።

እህትህ