ስድስተኛውን ነጥብ ማን አለው?

ለተከበሩ የሽግግር ውይይት መድረክ አስተባባሪ
ቡታጅራ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። ክቡርነትዎ ከነመላው ሠራተኞችዎ፣ በር ላይ ከሚቆመው ጥበቃ ጀምሮ ስሜን መዝገብ ላይ እስከሚያሰፍረው ባልደረባዎ ድረስ፣ ሙሉ ጤና እንዲሆንላችሁ እመኛለሁ። እኔ ግን፣ ስለ ጤና ከተነሣ አይቀር፣ ደህና አይደለሁም፤ ፈርቻለሁ። ባጃጅ ሱቄ ደጃፍ በቆመ ቁጥር ብሩሹ ከእጄ ይወድቃል፤ ቆጮ እንኳ በጉሮሮዬ አልወርድ ካለኝ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ደብዳቤውን በግልጽ መጻፌም ድፍረት እንዳይመስልዎ። ብቻዬን መፍራቱ ስለከበደኝ ነው።

ምናልባት ከሥራዎ ብዛት ረስተውኝ ከሆነ፣ እኔ ታፔላ ጻፊው ሙሀይሚን ሸረፋ ነኝ። ከመናኸሪያው ጀምሮ ባለው መንገድ ከሚታዩት ታፔላዎች ግማሹ የእጄ ሥራ ነው። በጽሕፈት ቤትዎ በር አናት ላይ ያለውን «ሐሳብዎን ያለ ስጋት ይስጡን» የሚለውንም የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ቅሬታዬን ከመዘርዘሬ በፊት፣ «ከአምባገነንነት ወደ ዴሞክራሲ፦ የስኬታማ ሽግግር መሠረቶች» በሚል ርዕስ ለሁለት ቀን በተካሄደው ሥልጠና ላይ እንድሳተፍ ስለጋበዙኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ከአዲስ አበባ የመጡት አሠልጣኝ ነፃ ፍርድ ቤት፣ ነፃ ምርጫ፣ የሕግ የበላይነት፣ ነፃ ጋዜጣና ጠንካራ ተቋም የተባሉትን አምስት መሠረቶች እየተነተኑ አስረዱን። ቀጥሎም በቡድን ተከፋፍለን ከራሳችን አእምሮ ስድስተኛ መሠረት እንድንጨምር ታዘዝን፤ ማንም እንዳይፈራ፣ በአዳራሹ የተባለ ሁሉ እዚያው አዳራሽ እንደሚቀር ክቡርነትዎ ራስዎ ተነሥተው ቃል ገቡልን። በአራተኛው ቡድን ስምንት ሰዎች ነበርን። ጽሑፉ ያምራል ተብሎ ጸሐፊነቱ ለእኔ ተሰጠ። ከስምንታችን አንድ ሰው አንድ ሐሳብ ተናገሩ፣ ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን፣ እኔም በትልቁ ወረቀት ላይ በቀይ ማርከር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «6ኛ. ሰው በስብሰባ ተናግሮ ቤቱ ሲገባ፣ ማን ነው ያለው ተብሎ የማይጠየቅበት አገር።» አዳራሹ አጨበጨበ። ዓይኔ ካልተሳሳተ ክቡርነትዎም አጨብጭበዋል። በሦስተኛው ቀን ተጠርቼ ማን ነው ያለው ተብዬ ተጠየቅሁ።

አንደኛው ቅሬታዬ ስለ ፍጥነትዎ ነው። የሰፈራችን ቧንቧ ደርቋል ብለን ካመለከትን ሁለት ዓመት አልፎናል፣ እስካሁንም በሂደት ላይ ነው እንባላለን። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን በሦስት ቀን ውስጥ ክትትል አግኝታለች። መንግሥት ይሠራል ሲባል አላምን ለነበርኩት ለእኔ ትልቅ ትምህርት ሆኖኛልና አመሰግናለሁ።

ሁለተኛው ስለ ትሕትናዎ ነው። ሦስት ጊዜ ጠርተው ሦስቱንም ጊዜ ከሶፋው ላይ አስቀምጠውኛል፤ አይዞህ፣ አትፍራ፣ ለመረጃ ያህል ብቻ ነው ብለውኛል። ቢቆጡኝ ኖሮ የምፈራውን ነገር ባወቅሁት ነበር። ባለቤቴ ሃፊዛ አይዞህ መባሌን ስነግራት ሹራቤን፣ ጋቢዬንና የጥርስ ብሩሼን በፌስታል አድርጋ ከበሩ ጀርባ ሰቀለችው። ትንሿ ልጃችን አባ ወዴት ሊሄድ ነው ብላ ስትጠይቅ፣ እንሴኖ ከተማ አክስትሽ ዘንድ አልናት። ስመለስ ከረሜላ እንዳመጣላት አዝዛኛለች።

ሦስተኛው፣ ከጥያቄዎ በኋላ በቡድናችን ላይ ስለገባው የመርሳት በሽታ ነው። አብሮን በቡድኑ የነበረው ወንድሜ ከማሉ ያን ሰዓት ዙህር፣ የቀትሩን ሰላት፣ ልሰግድ ወጥቼ ነበር ይላል፤ ውይይቱ የተካሄደው ግን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነበር። አቶ ኢዮብ ደግሞ በስልክ እየተነጋገርኩ ነበር ብለዋል፣ ስልካቸው ግን ባትሪ ጨርሶ ከእኔ ወንበር ሥር ቻርጅ ላይ ነበረ። አልፈርድባቸውም። የእጅ ጽሑፌ ባይሆን ኖሮ፣ ወላሂ፣ እኔም በረሳሁት ነበር።

አራተኛውን ጽፌው ነበር። ደግሜ ሳነበው ፈራሁና ሰረዝኩት።

ከሁሉም ያልረሱት ተናጋሪው ብቻ ናቸው። አንቱ ማለቴ ስለ ዕድሜያቸው ፍንጭ እንዳይመስልዎ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅም ቢሆኑ ሽማግሌ አንቱ ነው የምላቸው። ስሙን እስከ ሐሙስ እንዳመጣ ማዘዝዎን ከሰው ሰምተው ሱቄ ድረስ መጡና፣ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ቁጭ ብለው፣ «ስሜን ስጣቸውና ተገላገል፤ አንተ ልጆች አሉህ» አሉኝ። እሳቸውም ልጆች አሏቸው። ይህንን ሁለታችንም እናውቃለን፣ ግን አላነሣነውም።

አሁን የማፍርበትን ልንገርዎ። ትናንት ረቡዕ ስማቸውን በቁራጭ ወረቀት ጻፍኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የተንጋደደ ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም። ኪሴ ከትቼው እስከ በርዎ መጣሁ። ጥበቃው ሊፈትሸኝ እጁን ወደ ኪሴ ሲሰድ፣ እሱ እንዳያነበው ብዬ ወረቀቱን በመዳፌ ጨበጥኩት። ከጥበቃው የምደብቀውን ስም ለክቡርነትዎ ላስረክብ መሆኑ የገባኝ እዚያው ቆሜ ነው። የረሳሁት ዕቃ አለ ብዬ ተመለስኩ፣ ከአጥሩ ማዶም ወረቀቱን አኝኬ ዋጥኩት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያለ ችግር በጉሮሮዬ የወረደ ነገር እሱ ብቻ ነው።

ዛሬ ሐሙስ ስለሆነ፣ በተሰጠኝ ቀነ ገደብ መሠረት መልሴን በአክብሮት አቀርባለሁ። ስድስተኛውን ነጥብ ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን የጻፍኩት ብቻ ነበርኩ፤ ዛሬ ግን ብዬዋለሁ።

በተፈለገ ሰዓት ሱቁ ውስጥ የሚገኝ፣ ፌስታሉ የተዘጋጀ፣ አይዞህ ባሉት ቁጥር የሚንቀጠቀጥ ታዛዥዎ፣
ከከበረ ፍርሃት ጋር፣
ሙሀይሚን ሸረፋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አምስቱ መሠረቶች የተጻፉበትን ትልቅ ወረቀት ባለፈው ማክሰኞ ገበያ ላይ አየሁት፤ ተቀዳዶ ቆሎ ይጠቀለልበታል፣ ለእኔም የደረሰኝ «ነፃ ምርጫ» የሚለው ነበር። የእኛ የአራተኛው ቡድን ወረቀት ግን ቢሮዎ ውስጥ ባለው የብረት ካዝና ሲቆለፍበት በጠሩኝ ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። ከስድስቱ ዋናው መሠረት የትኛው እንደሆነ አሠልጣኙን ብጠይቃቸው መልስ አልሰጡኝም ነበር፤ ክቡርነትዎ ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።