ጋሽ ግራም፣ የሚዛን ተቆጣጣሪው

ሰፈሩም ገበያውም «ጋሽ ግራም» የሚላቸው ወንድማችን ከአናጢ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1952 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተከታትለው፣ በ1972 ዓ.ም. በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚዛን ተቆጣጣሪ ሆነው ተቀጠሩ። ሥራቸው በየሱቁ እየዞሩ የሚዛን ልክ መፈተሽ ነበር። በ1979 ዓ.ም. ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። ቤት ውስጥ ስኳር ሲሰፈር ግን ከክፍሉ እንዲወጡ ይለመኑ ነበር።

በ1993 ዓ.ም. የአንድ ሥጋ ቤት ሚዛን ሲያጎድል አገኙትና አሸጉት። ባለሥጋ ቤቱ የመሥሪያ ቤታቸው ሥራ አስኪያጅ አማች ነበር። በሳምንቱ ጋሽ ግራም ክስ ሳይደርሳቸው፣ መልስ ሳይጠየቁ ተባረሩ። ሕጉ ቋሚ ሠራተኛ ቃሉ ሳይሰማ አይሰናበትም ስለሚል ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ አሉ። እስኪፈረድም «ከቀረሁ በፈቃዱ ለቀቀ ይሉኛል» እያሉ በየማለዳው ከረባታቸውን አስረው መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ይቆሙ ነበር። እንዳያስገባቸው የታዘዘው ጥበቃ፣ «ጋሼ፣ ዛሬም በሰዓትዎ ደረሱ፤ አልገቡም እንጂ» ይላቸዋል። ቤቱን የያዙት ባለቤታቸው ነበሩ፤ በልብስ ስፌት።

በሁለተኛው ዓመት ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ተፈረደ። ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው ስለነበር ለጊዜው የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጡ። ጊዜው ረዘመ። ሠራተኛው የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል አድርጎ መረጣቸው።

በ1999 ዓ.ም. ሥራ አስኪያጁ በተራቸው በመሥሪያ ቤቱ ነዳጅ ስርቆት ተጠረጠሩ። በቦታቸው የተተኩት አዲሱ ኃላፊ ዛሬውኑ ይባረሩ አሉ። ከኮሚቴው አንዱ «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም!» ብሎ ሳቀ። ጋሽ ግራም «ቁናውም ይፈተሽ። ሰውየው ይደመጡ» ብለው አልፈርምም አሉ። ሥራ አስኪያጁ ተጠርተው ሙሉ ቀን ተደመጡ። ጥፋታቸው ስለተረጋገጠም በአግባቡ ተባረሩ። ሲወጡ የጋሽ ግራምን እጅ ጨብጠዋል።

ጋሽ ግራም በ2012 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር በቦታው ነው። ሰዓቱም ይሠራል።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አንዲት የልጅ ልጃቸው አሉ። አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ናቸው።

በነፍሳቸው ላይ የሚፈርደው ፈጣሪ አስቀድሞ ያድምጣቸው።