አባ መላሽ መመለስ ሲተዉ

ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለው? ዓይንሽስ? ጆሮሽ ስልክ አልሰማም ካለ ወዲህ ድምፅሽ ናፈቀኝ። ይህን የምታነብልሽ ታናሽ እህቴ እንደ ልማዷ እየዘለለች እንዳታነብብሽ፣ ቀስ ብላ ታንብብ። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፣ ተመስገን ነው። ልቤ ግን ደህና አይደለም፤ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ባለፈው «እቤቷ ውላ ምን ያደክማታል» ማለትሽን ሰማሁ። አይ እማዬ! ያ ወረርሽኝ በሽታ ሲገባ የምሠራበት ባንክ ላፕቶፕ አስይዞ ወደየቤታችን የሰደደን ለጥቂት ሳምንት ተብሎ ነበር። በሽታው ሲበርድ የሚመልሰን ጠፋ፤ የኛን ፎቅ ለሌላ አከራዩት። አሁን ቢሮዬ መኝታ ቤቴ ነው። ጠረጴዛ ስለማይገባ ላፕቶፑን ልብስ መተኮሻው ላይ ዘርግቼ እውላለሁ፤ ልብሴም ሳይተኮስ ከረመ፣ ማን ሊያየው! አንዳንድ ቀን እስኪመሽ ድረስ አንዲት ቃል ከአፌ አትወጣም።

አባ መላሽን ታስታውሻቸዋለሽ፣ ድሮ እያማኋቸው የማስቅሽን? በኛ ብድር ክፍል ማንም ብቻውን አይሠራም። አንዱ ፋይሉን ያዘጋጃል፣ ሌላው አይቶ ያጸድቃል ወይም ይመልሳል። የኔን የሚያዩት እሳቸው ናቸው፤ አባ መላሽ ያልናቸውም ፋይል መመለስ ስለሚወዱ ነው። ፊት ለፊት ተቀምጠን ሳለ ስህተት ሲያገኙ በእርሳሳቸው ጠረጴዛውን ኳ ኳ ያደርጉ ነበር። ከቤት መሥራት ከመጣ ወዲህ ግን የተመለሰ ፋይል በስልክ ካልተነጋገርንበት አይታረምም፤ ደንቡ ነው።

ባለቤታቸውን በሽታው ወሰዳቸው። ልጅ አልወለዱም። ቀብር መሄድ ተከልክሎ ስለነበር ለቅሶ የደረስነው በስክሪን ነው። ሁላችንም «ነፍስ ይማር» ብለን ከሥር ከሥር ጻፍን፤ አለቃችን ወዲያው «እሺ፣ ወደ አጀንዳችን እንመለስ» አለ። አፈር ስሆን እማዬ፣ እንዲህ ያለ ለቅሶ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ከዚያ በኋላ ፋይል መመለስ አበዙ። ነጥብ ጎድሏል፣ ቀኑ ወደ ግራ ሸርተት ብሏል፣ የማይሉት የለም። መጀመሪያ ደሜ ይፈላ ነበር። አንድ ቀን ግን እርማታቸውን ከጨረሱ በኋላ ስልኩን ሳይዘጉ ቆዩና እኛ ሰፈር ዝናብ እንዳለ ጠየቁኝ። የምንኖረው እኮ አንድ ከተማ ነው! ያኔ ገባኝ፤ የሰው ድምፅ ርቧቸው ነው። ዝም ብሎ ደውሎ እንዴት ነሽ ማለት ደግሞ አይሆንላቸውም፤ ያለ ሥራ ሰው ማስቸገር ነውር ይመስላቸዋል።

እኔስ ምን አደረግሁ መሰለሽ፤ ምክንያት እንዳያጡ ብዬ ማንንም የማይጎዳ ስህተት እያወቅሁ እተውላቸው ጀመር። የቤት ቁጥር አጎድላለሁ፣ ፊደል እደግማለሁ። እሳቸውም ደስ እያላቸው ይቆጡኛል፤ «ምን ነካሽ አንቺ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ልመልስሽ?» ይላሉ። ከዚያ ስለ ጎረቤታቸው ድመት፣ አንዳንዴም ስለ ባለቤታቸው እናወራለን። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ርቦኝ ነበር። ከሳቸው ሌላ የሚደውልልኝ አልነበረም።

ባለፈው ወር አለቃችን ለሁለታችንም ጻፈልን። የኔ ስህተት ከክፍሉ ሁሉ በልጧል፤ ፋይል እየተመለሰብኝ ከቀጠለ ከሥራ እሰናበታለሁ። ሆን ብዬ ነው ብል ማን ያምነኛል? ከዚያ ቀን ወዲህ አባ መላሽ አንድም ፋይል አልመለሱም። በጥድፊያ የሳትኩትን እንኳ፣ ደንብ ጥሰው፣ ራሳቸው አርመው ያጸድቁታል። እንጀራዬን ሊያተርፉልኝ ብለው ነው፤ ስልኬ ግን ጸጥ አለ።

ትናንት አላስቻለኝምና ራሴ ደወልኩ። ገና ከማንሳታቸው የትኛው ፋይል እንደሆነ ጠየቁኝ። ፋይል የለም ጋሼ፣ ድምፅዎን ልስማ ብዬ ነው አልኳቸው። «ፋይል ከሌለማ ሥራ አላስፈታሽ ልጄ» ብለው ዘጉት። ቤታቸው እንዳልሄድ ያን ሁሉ ዘመን ፊት ለፊታቸው ስቀመጥ ሰፈራቸውን ጠይቄ አላውቅም። ባንኩ ደግሞ የሠራተኛ አድራሻ አንሰጥም አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ቸገረኝና ምንም ያልተጻፈበት ፋይል ላክሁላቸው። ስም የለው፣ ቀን የለው። ይህንንስ መቼም ሳይደውሉ አያልፉትም ብዬ ስልኬን እጄ ላይ ይዤ ጠበቅሁ። ለአንዲት ነጥብ ሰው የሚያስጨንቁት ሰውዬ፣ ከታወቀ እሳቸውም እንደሚባረሩ እያወቁ፣ ባዶውን ፋይል አጸደቁልኝ። ላፕቶፑን ከድኜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ እማዬ።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ታናሽ እህቴን፣ ወንድሜንና ሚስቱን፣ ሕፃኗንም አገላብጠሽ ሳሚልኝ። የጎረቤታችንን ልብስ ሰፊም እንዴት ነዎት በይልኝ። በጸሎትሽ እኔን ስትጠሪ አባ መላሽንም አብረሽ ጥሪልኝ።

የምትወድሽ ልጅሽ
ከመኝታ ቤቴ
ኅዳር 12 ቀን