ለብቻው የተቀመጠው ብርጭቆ

ሸቤ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለነጅላ
አሰንዳቦ

አሰላሙ አለይኩም የኔ እናት፣ አካም ጅርታ? ልጆቹ አልሃምዱሊላህ ደህና ናቸው። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። ስልክ ብደውል ብደውል አታነሺም። የስፌት ሱቅሽ ጎረቤት "አለች፣ ትሰራለች" አለችኝ። ታዲያ ምን ሆነሽ ነው? ቁጭ ስል እነሳለሁ፣ ስነሳ የምሄድበት የለኝም።

ስሚኝ፣ እንዳትቆጪ። የምሰራው ጤና መድህን ቢሮ አይደል? ሰሞኑን "በተመላላሽ ሕክምና ከታዩት ስንቱ ኤችአይቪ ተመረመረ? ከመድህን መዝገቡ ቁጠሩ" ተባልን። መዝገቡ ስም የለውም፤ የመታወቂያ ቁጥር፣ ዕድሜና የተሰጠው አገልግሎት ብቻ። ውጤት አይጻፍበትም። እየቆጠርኩ ስወርድ የራሴን ቁጥር አገኘሁት። ለካ ሰኔ ላይ ተመርምሬያለሁ! እኔ፣ መርፌ ሳይ የምሸሸው!

መዝጋቢውን ልሰድብ ከወንበሬ ተነሳሁ። ከዚያ ትዝ አለኝ። ሰኔ ላይ መጥተሽ "ጉሮሮዬን አሞኛል፣ የኔ መታወቂያ አልታደሰም" ስትይኝ የኔን ሰጠሁሽ። መልካችን አንድ ነው፣ ማን ይለየናል ብለን ሳቅን። መታወቂያ አታውሱ እያልኩ ስብሰባ ላይ የምለፈልፈው እኮ እኔው ነኝ! ወላሂ አፈርኩ።

የባሰው ግን ሌላ ነው። የዚያን ቀን ከጤና ጣቢያ ተመልሰሽ ሻይ ጠጣሽና፣ ብርጭቆሽን አጥበሽ መስኮቱ ላይ ከጎረቤታችን ከእታገኝ ብርጭቆ ጎን አስቀመጥሽው። እሷ የቫይረሱን መድኃኒት ሳትደብቅ ስለምትውጥ፣ ብርጭቆዋን ለብቻ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ያንቺን "ረስታ ነው" ብዬ አነሳሁት። አልረሳሽም ነበር፣ አይደል? የኔን ምላስ እያወቅሽ እንዴት ብለሽ ትነግሪኛለሽ!

ምናልባት ምንም የለብሽ ይሆናል፣ በከንቱ ይሆናል የምቁነጠነጠው። ቢኖርብሽም መድኃኒቱ አለ፤ እታገኝን እያት፣ ከኔ ትወፍራለች። ጀምረሽ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ። ሳትጀምሪ ቀርተሽ ብቻሽን እየተጨነቅሽ ነው የሚለው ሐሳብ ነው እረፍት የነሳኝ።

ትናንት መታወቂያዬን ማዋሴን ለአለቃዬ ተናዘዝኩ። ለማን ቢለኝ አልነገርኩትም፤ ቁጣውን ጠጥቼ ወጣሁ። ከዚያ ሄጄ ራሴ ተመረመርኩ። ላቦራቶሪው ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተራዬን ስጠብቅ ሁለቴ ልሄድ ተነስቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሰኔ ላይ አንቺ እዚያ ብቻሽን ተቀምጠሽ ሳለ፣ እኔ ቤት ሆኜ ምስር እለቅም ነበር።

የኔን ውጤት ከአፌ ትሰሚዋለሽ። እሁድ ካልመጣሽ እኔ መጣሁ፣ በር ብትዘጊም ደጁ ላይ እቀመጣለሁ። አላህ አፊያ ያድርግሽ፣ ልብሽንም ያሳርፈው።

እታገኝ ዛሬ ሻይ ልትጠጣ መጥታ ነበር። ብርጭቆዎቹን ሁሉ አንድ ላይ አጥቤ አቀረብኩ። የሷ የትኛው እንደነበር አሁን እኔም አላውቀውም።

እህትሽ ዙቤይዳ